የተሰረቀ ሲሚንቶ በስግደት ይከፈላል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ኃጢአት፣ ስለ ይቅርታና ስለ መዳን ይጠይቃሉ። አምስቱን መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያሳውቀውን ሁሉ ቀያይሬዋለሁ።

እንደ ሁልጊዜው አንድ ነገር ላስታውስ። እዚህ የሚሰጠው ምክር ነው እንጂ ኑዛዜ አይደለም። ኃጢአቱን በዝርዝር ጽፎ መጨረሻው ላይ "ይፍቱኝ" ያለኝ ወንድም አለ። ደብዳቤህን ቀድጄዋለሁ። በመጽሔት የሚፈታ ካህን የለም፤ ንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድ።

ለአዲስ አንባቢዎች፦ እኔ የደብር ቄስ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ግን በሥራ ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። መልሴ ውስጥ ቁጥር ከበዛ የድሮ ልማዴ ነውና ታገሡኝ።

*

"አባታችን፣ ወጣት ሳለሁ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መጋዘን ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ባለቤቱ ያምኑኝ ነበር። እኔ ግን ሲሚንቶና ፌሮ በጎን እያወጣሁ ሸጥኩ። ጉድለት ሲገኝ ጥበቃው ተጠረጠረና ተባረረ። በኋላ ሥራ ቀየርኩ፣ አገባሁ፣ ልጆችም ወለድኩ። አሠሪዬ ሚስትና ልጆች ትተው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለንስሐ አባቴ 'ሰርቄአለሁ' ብዬ ተናዘዝኩ። ጾም፣ ስግደትና ዳዊት መድገም ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ። ለደብራችንም የታቦት ጥላና የመቅደስ መጋረጃ ገዝቼ አስገባሁ። ግን ሰላም የለኝም። ከዚህ በላይ ምን ልሥራ? ኃጢአቴ አልተሰረየም ማለት ነው?"
ከአየር ጤና፣ አዲስ አበባ

ልጄ፣ መጀመሪያ የምትፈራውን ነገር ላንሣ። እግዚአብሔር ይቅር የሚልህ ስግደትህን ቆጥሮ አይደለም። ንስሐ አባት የሚሰጠው ቀኖና የይቅርታ ዋጋ አይደለም። ዋጋው አንዴ በቀራንዮ ተከፍሏል፤ አንተ የምትጨምርበት ሳንቲም የለም። ጾሙና ስግደቱ የተሰጠህ የለመደ እጅህ ሌላ ልማድ እንዲይዝ ነው። ስለዚህ "ስንት ልጨምር?" የሚለውን ሒሳብ ዝጋው።

ሉቃስ 19ን ክፈትና የዘኬዎስን ታሪክ ቀስ ብለህ አንብብ። ሰውየው የኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ ነበር፤ ባለጸጋም ነበር። ቁመቱ ስላጠረበት ሾላ ላይ ወጣ። ጌታ ቀና ብሎ "ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና ፈጥነህ ውረድ" አለው። ልብ በል፤ ዘኬዎስ እስከዚያ ሰዓት ለማንም ምንም አልመለሰም። እመልሳለሁ ብሎ ቃል እንኳ አልገባም። ሕዝቡ "ከኃጢአተኛ ጋር ሊውል ገባ" ብሎ ያጉረመረመው ለዚህ ነው። ግማሹን ሀብቴን ለድሆች፣ በሐሰት ለከሰስኩት አራት እጥፍ የሚለው ቃል የመጣው እንግዳው ቤቱ እገባለሁ ካለው በኋላ ነው።

አንተ ቅደም ተከተሉን ገልብጠኸዋል። መጀመሪያ ከፍዬ ልጨርስ፣ ከዚያ ይገባል ብለህ ጌታን ደጅ ላይ አቁመኸዋል። ሰላም የነሣህ አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ሌላው ምክንያት ግን ብዙ ምርምር አይፈልግም። የሰው ንብረት አሁንም አንተ እጅ ላይ ነው።

"ይቅር ከተባልኩ ለምን እመልሳለሁ?" የሚሉ አሉ። ዘኬዎስ የመለሰው ይቅር ስለተባለ ነው። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ ያንተ ጉዳይ ቁርጥ ተደርጎ ተጽፏል። በደለኛው ይናዘዝ፤ የወሰደውን በሙሉ ይመልስ፤ አምስተኛውን እጅ ይጨምርበት፤ ለበደለው ሰው ይስጥ። ሰውየው ሞቶ የሚቀበል ዘመድ ባይኖርስ? ያን ጊዜ ለእግዚአብሔር ይሆንና ለካህኑ ይሰጣል። አየህ፣ የቤተ መቅደሱ ተራ የሚደርሰው ተቀባይ ሲጠፋ ነው። የአንተ አሠሪ ግን ሚስትና ልጆች አሏቸው። ታዲያ ጥላውና መጋረጃው በማን ገንዘብ ተገዛ? በእነሱ። መጽሐፈ ሲራክ ከድሃ ገንዘብ ወስዶ መሥዋዕት የሚያቀርበውን ሰው ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ጋር ያመሳስለዋል። ቃሉ ይከብዳል፤ እኔ ላለዝበው አልችልም። ጥላውን አስመልስ አልልህም፤ አንዴ ሰጥተሃል፣ ይኑር። ከዕዳህ ላይ ግን እንዳትቀንሰው።

እኛ ካህናትም ከዚህ ነገር ነፃ አይደለንም። ጥላ ሲመጣ እልል እንላለን። "ከየት አገኘኸው?" ብሎ የሚጠይቅ የደብር አስተዳዳሪ እስካሁን አልገጠመኝም።

ወደ ስሌቱ ልሂድ። ያኔ በሸጥክበት ዋጋ እንዳታስብ። የወሰድከው ብር አይደለም፤ ሲሚንቶና ፌሮ ነው። የያኔው የአንድ ኩንታል ዋጋ ዛሬ ምን እንደሚገዛ አንተው ታውቃለህ። በኩንታልና በቤርጋ ቁጠር፤ በዛሬ ዋጋ አባዛ፤ አምስተኛውን ጨምር። በትክክል ያላስታወስከውን ወደ ላይ ገምት እንጂ ወደ ታች አትገምት። በአንድ ጊዜ ካልቻልክ በየወሩ ክፈል። ዕቁብ ካለህ ዕቁብህ ሲደርስህ ክፈል። ልጆችህን አስርበህ ክፈል ግን አልልህም፤ እነሱ አልሰረቁም።

እንዴት ይድረሳቸው? ራስህ ሄደህ ብትነግራቸው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ክስ አለ፣ የቤተሰብ ቁጣም አለ፤ ይህን ከንስሐ አባትህ ጋር ተማከር። ስም ሳይጠሩ "ከባለቤትዎ የተወሰደ ንብረት ነው፤ ባለዕዳው ልኮታል" ብለው የሚያደርሱ ካህናት አሉ። እኔም አድርሼ አውቃለሁ። አንዲት መበለት ፖስታውን ተቀብለው "ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ይምጣና ቡና ይጠጣ በሉት" ብለውኛል። ሰውየው ሄዶ ይጠጣ አይጠጣ አልጠየቅኩም።

አሁን ወደ ጥበቃው እንምጣ። "ተጠረጠረና ተባረረ" ብለህ በአንድ መስመር አለፍከው፤ ቀጥለህ ስለ ትዳርህ ጻፍክ። እኔ ግን እዚያ መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጥበቃ ሲቀጠር ተያዥ እንደሚጠየቅ ታውቃለህ። በሌብነት ስም የተባረረ ጥበቃ ሁለተኛ ተያዥ ከየት ያገኛል? የሥራ ልምድ ደብዳቤ ማን ይጽፍለታል? ሚስቱስ ምን አለችው? አንተ በሐሰት አልመሰከርክበት ይሆናል። ዝም ማለትህ ግን በቂ ምስክር ሆኖበታል።

ለንስሐ አባትህ ይህን ነግረሃቸዋል? "ሰርቄአለሁ" ብቻ ብለህ ከሆነ ሐኪም ፊት ተቀምጦ "አሞኛል" ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው። ሐኪሙ ለሰማው ያዛል። ተመለስና ጥበቃውን ጨምረህ ንገራቸው። ለቤተሰቡ ከሚላከው ገንዘብ ጋርም "ያኔ የተባረረው ሰው ንጹሕ ነበር" የሚል ቃል አብሮ ይሂድ፤ ከገንዘቡ በላይ እሱ ያስፈልጋል። ከዚያ ሰውየውን ፈልገው። የድሮ ሠራተኞች አድራሻውን አያጡትም። ስታገኘው ሊቆጣ ይችላል፤ ሊሰድብህም ይችላል። መብቱ ነው። የተቋረጠበትን ደሞዝ የምታክል ነገር ይዘህ ሂድ፤ ባዶ እጅህን "ይቅር በለኝ" አትበለው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ይሁዳም ገንዘቡን መልሷል። 30ውን ብር ለካህናት አለቆች ይዞ ሄዶ "ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ" ብሏል፤ ማቴዎስ 27 ላይ ታገኘዋለህ። ካህናቱ "እኛስ ምን አግዶን?" አሉት። ገንዘቡም ተመልሶ ነበር፣ ኑዛዜውም በቃል ተነግሮ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ጌታው አልተመለሰም። ጴጥሮስ የሚመልሰው ገንዘብ አልነበረውም። ሦስት ጊዜ ካደ፤ አለቀሰ፤ በኋላም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ "ትወደኛለህን?" ተባለ። ሁለቱም በአንድ ሌሊት የወደቁ ደቀ መዛሙርት ናቸው። አንተ ገንዘቡን ወደ ባለቤቶቹ ይዘህ ስትሄድ ራስህን ደግሞ ወደ ክርስቶስ ይዘህ ሂድ። "ዕዳዬን ከፍዬ ሳልጨርስ መቁረብ እችላለሁ?" የሚለውን ንስሐ አባትህ ይወስኑ። እኔ ብሆን ከልቡ መክፈል የጀመረውን ሰው አልከለክልም።

*

"አባቴ እንደምን አሉ? እኔ ያለሁት ሳዑዲ ነው፤ የሰው ቤት እሠራለሁ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። ከመጣሁ በኋላ የሆነ ነገር አለ፤ ለሰው አይነገርም። ካህን ሳላገኝ ብሞትስ? ቲክቶክ ላይ አጥማቂ ነኝ የሚል ሰው ብር ከላክሽ እፈታሻለሁ አለኝ። ልላክ ወይ?"

አትላኪ! አንድ ሪያል እንዳትልኪ። ሲሞን መሠሪው የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲጠይቅ ጴጥሮስ "ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ" አለው፤ ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ነው። ሊገዛ ለመጣው ይህ ከተባለ፣ በላብሽ ላይ ገበያ ለሚያወጣውማ ምን ይባላል! ብሎክ አድርጊው።

ልጄ፣ ምን እንደሆነ በዝርዝር አልነገርሽኝም፤ አልጠይቅሽምም። አንድ ነገር ግን ለይቼ መናገር አለብኝ። የሆነው ነገር ተገደሽ የሆነ ከሆነ የአንቺ ኃጢአት አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ሜዳ ላይ ስለተደፈረች ልጅ ሲናገር ጮኻለች፣ የሚያድናት ግን አልነበረም፣ በእሷ ላይ ኃጢአት የለባትም ይላል። በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ቤት ከዚያ ሜዳ በምን ይሻላል? እንዲህ ከሆነ የሚያስፈልግሽ ንስሐ ሳይሆን እርዳታ ነው። ለምታምኛት የአገርሽ ልጅ ንገሪ።

ወድደሽ ያደረግሽው ከሆነም አትፍሪ። ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ ካህን አልነበረውም፤ ጾም ለመጾምም ቀን አልነበረውም። እጁ ተቸንክሮ ስለነበር መስገድ እንኳ አይችልም። ያለው አፉ ብቻ ነበር። መጀመሪያ "በሥራችን የሚገባንን ነው የተቀበልነው" ብሎ በደሉን አመነ። ከዚያ "በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ" አለ። መልሱ እስከ ነገ አልቆየም፤ "ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ" ተባለ። ካህን እያለ ካህን ለሚሸሽ ሰው ይህን ታሪክ አልጠቅስለትም። ላንቺ ግን እጠቅስልሻለሁ።

ማታ ሥራ ስትጨርሺ መዝሙር 50ን በይ፤ "አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ" የሚለውን። ዳዊት የኦርዮንን ሚስት ወስዶ ባሏን ካስገደለ በኋላ፣ ነቢዩ ናታን ሲገሥጸው የጸለየው ነው። ከዚያ በራስሽ አማርኛ ንገሪው። ኃጢአትሽን ስልክሽ ላይ አትጻፊ፤ የሰው ቤት ስልክ ይፈተሻል። አገር ቤት ያሉት ንስሐ አባትሽ ስልክ የሚያነሡ ከሆነ ደውለሽ ምክር ጠይቂ። የኑዛዜውን ጸሎት ፊት ለፊት ሲገናኙሽ ያደርሱልሻል። አገርሽ ስትገቢ ሻንጣሽን አውርደሽ ዕረፊ፤ በነጋታው ሂጂ።

*

"ቀሲስ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ ጴንጤ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው። 'ጌታን ተቀበል፣ አሁኑኑ ትድናለህ' ይለኛል። ሮሜ 10፥9ን ያሳየኛል። እማዬ ደግሞ 'አንተ ድሮ በ40 ቀንህ ክርስቲያን ሆነሃል፤ ቁርባኑ ስትሸመግል ይደርሳል' ትላለች። እኔ መሐል ላይ ቀረሁ። ድኛለሁ ወይስ አልዳንኩም?"

ጓደኛህ ያሳየህ ጥቅስ የእኛም መጽሐፍ ነው። "ኢየሱስ ጌታ እንደ ሆነ በአፍህ ብትመሰክር፣ እግዚአብሔርም ከሙታን እንዳስነሣው በልብህ ብታምን ትድናለህ" ይላል። ይህን የማያምን ኦርቶዶክሳዊ ኦርቶዶክሳዊ አይደለም። ከጓደኛህ ጋር በዚህ አትጣላ። እንዲያውም እሱ የሚጠይቅህን ጥያቄ እኛ ልንጠይቅህ ይገባን ነበር።

እኔ የምጨምርልህ ገጹን ገልጠህ እንድትቀጥል ብቻ ነው። ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ የፊልጵስዩስ እስር ቤት ጠባቂ "እድን ዘንድ ምን ማድረግ ይገባኛል?" ብሎ ጠየቀ። ጳውሎስና ሲላስ "በጌታ በኢየሱስ ክርስቶስ እመን" አሉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ መጽሐፉን ያጥፋል። ሁለት ቁጥር ዝቅ ብለህ ተመልከት። በዚያው ሌሊት ወስዶ ቁስላቸውን አጠበላቸው፤ ያኔውኑ ከነቤተሰቡ ተጠመቀ። ከጥቂት ሰዓት በፊት እግራቸውን በግንድ ያጣበቀው እሱ ራሱ ነበር! አመነ፣ ያሠራቸውን ሰዎች ቁስል አጠበ፣ ተጠመቀ፣ ማዕድ አቀረበላቸው። ይህ ሁሉ የሆነው ሳይነጋ ነው። የትኛው ደቂቃ ላይ ዳነ ብለህ ብትጠይቀኝ በሰዓት ቆጥሬ አልነግርህም፤ ሌሊቱ አንድ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጸጋ ድናችኋል ይላቸዋል። ለፊልጵስዩስ ሰዎች ደግሞ መዳናችሁን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ፈጽሙ ይላል። ጌታም "እስከ መጨረሻ የሚጸና ግን እርሱ ይድናል" ብሏል። ሦስቱንም አንድ ላይ የምትይዝ ከሆነ የእኛን ትምህርት ይዘሃል። ሰው ድነሃል ወይ ሲልህ "በክርስቶስ ድኛለሁ፤ እስከ መጨረሻው እንዲያጸናኝ ደግሞ እለምነዋለሁ" በለው። ይህ ማመንታት አይደለም።

ስለ እናትህ አባባል። በ40 ቀንህ መጠመቅህ እውነት ነው። ያን ቀን ክርስትና አባትህ አንተን ታቅፈው ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው በአንተ ፈንታ ሰይጣንን ካዱ፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው በክርስቶስ አመኑ። አንተ ምናልባት ተኝተህ ነበር። አሁን 20 ዓመት አልፎሃል፤ እሳቸው የተናገሩልህን በራስህ አፍ የምትለው መቼ ነው? መቀበል ማለት ለአንተ ይህ ነው። ሁለተኛ ጥምቀት አትፈልግም። የተሰጠህን ሳትከፍተው አስቀምጠሃልና ክፈተው።

"ቁርባኑ ስትሸመግል" የሚለው ግን ልማድ ነው እንጂ ሥርዓት አይደለም። እናትህን በፍቅር ንገራት እንጂ አትከራከራት፤ እሷም ከእናቷ የሰማችው ነው። እሑድ ጠዋት ለቁርባን የተሰለፈውን ሰው ተመልከት። ፊት ሕፃናት አሉ፣ ኋላ አረጋውያን አሉ፤ መሐሉ ባዶ ነው። በጣም ኃጢአት የሚፈትነው ዕድሜ መድኃኒቱን የሚርቅ ዕድሜ ሆኗል። ጌታ ጽዋውን አንሥቶ "ሁላችሁም ከእርሱ ጠጡ" ሲል አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌዎች አልነበሩም። ሐዋሳ ውስጥ ንስሐ አባት ያዝ። ፈተና ስላለህ ብቻ ሳይሆን ፈተና ካለፈም በኋላ ሂድ።

*

"ይድረስ ለቀሲስ። እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት ነኝ። ወላጆቻችን ደሴ ላይ ቤት ትተው ሞቱ። ታናሽ ወንድሜ ብቸኛ ወራሽ ነኝ ብሎ አዛውሮ በስሙ አደረገው። ንስሐ አባቴ 'ይቅር ካላልሽ አትቆርቢም' አሉኝ። ይቅር ብል ደግሞ ቤቱ ሊቀር ነው። ይቅርታ ማለት መብትን መተው ነው?"

እኅቴ፣ አይደለም።

ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን ምሳሌ ያውቁታል። አንዱ ባሪያ ለንጉሡ እልፍ (10,000) መክሊት ዕዳ ነበረበት። ባልንጀራው ደግሞ ለእሱ መቶ ዲናር ነበረበት። ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደሞዝ ነው፤ አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ይሆናል። እልፍ መክሊት እንግዲህ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ነው። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው 200,000 ዓመት ይፈጅበታል። ሰባኪዎች ይህን ሲነግሩን ሁለተኛውን ዕዳ ኢምንት ያደርጉታል። እኔ አልስማማም። መቶ ዲናር ከሦስት ወር በላይ ደሞዝ ነው። ሦስት ወር ደሞዝ የተቀማ ሰው ያመዋል። ጌታ የወንድምዎ ዕዳ ትንሽ ነው አላለም። ንጉሡ የተቆጣው ባሪያው ዕዳውን ስለጠየቀ ብቻ አይደለም፤ ባልንጀራውን አንቆ ስለያዘው፣ ሲለምነውም አልሰማ ብሎ እስር ቤት ስላስጣለው ነው።

ስለዚህ ለእርስዎ ጥያቄው ይህ ነው፦ ወንድምዎን በልብዎ አንቀውታል ወይስ ድርሻዎን ነው የሚጠይቁት? ሲታመም ደስ ይልዎታል? ልጁ ሲያገባ ሠርጉን ይረግማሉ? እንዲህ ከሆነ ንስሐ አባትዎ ልክ ናቸው፤ ይህ ቂም ነው። እሱ እንዲጠፋ ሳይሆን ያንን ቤት በፍትሕ እንዲያካፍልዎ የሚፈልጉ ከሆነ ግን ይህ በደል አይደለም።

ቅዱስ ጳውሎስ ቆሮንቶሶችን ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት ይከስሳልን ብሎ ይገሥጻቸዋል፤ በወንድሞች መካከል የሚፈርድ አንድ አስተዋይ እንኳ የለምን ይላቸዋል። ያንን አስተዋይ እኛ ሽማግሌ እንለዋለን። መጀመሪያ ሽማግሌ ይላኩ። ከሁለታችሁም የማይወግን፣ ወላጆቻችሁን የሚያውቅ ሰው ይሁን። እምቢ ካለ ፍርድ ቤት አለ። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወንድና ሴት ልጅን በውርስ እኩል ያደርጋል። ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት የይርጋ ጊዜ የሚባል ነገርም ስላለ ከጠበቃ ጋር ቶሎ ይነጋገሩ፤ "ይቅርታ ላይ ነኝ" ብለው ዓመት አያሳልፉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ስሙን በጸሎትዎ ይጥሩት። መጀመሪያ አፍዎ ይላል፣ ልብዎ ይቆያል፤ ግድ የለም። ለንስሐ አባትዎም እንዲህ እንደጻፍኩልዎ ያሳዩዋቸው። ካልተስማሙበት ስልኬ መጽሔቱ ቢሮ አለ፤ ይደውሉልኝ።

*

"አባ፣ አጭር ጥያቄ ነው። ንስሐ አባቴ ጎረቤታችን ናቸው፤ እማዬ ጋ ቡና ይጠጣሉ። ኃጢአቴን ነግሬያቸው እንዴት ዓይናቸውን አያለሁ? ሌላ ካህን ጋ መሄድ ይቻላል?"

ይቻላል። የአሁኑን አባት ሳታሳዝኚ አመስግነሽ፣ ሌላ ንስሐ አባት መያዝሽን ብቻ ትነግሪያቸዋለሽ፤ ምክንያቱን አትጠየቂም። ካህኑ የሰማውን ከቡናው ጋር ይዞት ይወጣል ብለሽ ግን አትስጊ፤ ምስጢሩን ያወጣ ካህን በክህነቱ ላይ በእሳት ይጫወታል። ደግሞም አዲስ ነገር አትነግሪያቸውም። እኛ የምንሰማው ኃጢአት ሁሌም ያው ነው፤ ስሙ ብቻ ይለያያል።

የቅዱሳን ታሪክ የሚነበብበት ስንክሳር ሰኔ 24 ቀን ስለ ሙሴ ጸሊም ይናገራል። ሽፍታ ነበር፤ ሰው ገድሏል። ወደ አስቄጥስ ገዳም ሄዶ በጉባኤ መሐል ኃጢአቱን ሲናገር ታላቁ መቃርስ ጥቁር ሰሌዳ አየ። ሙሴ አንድ ኃጢአት በተናገረ ቁጥር መልአክ ያንን ይደመስሳል። ተናግሮ ሲጨርስ ሰሌዳው ነጭ ሆኗል። አንቺ በጉባኤ መሐል ተናገሪ አልተባልሽም፤ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እሑድ ካህናቱ ሩጫ ላይ ናቸው፤ በሥራ ቀን ከኪዳን ጸሎት በኋላ ሂጂ። ያኔ ጊዜ አላቸው።